«ደም ብዛት» ሲባል የበዛው ደሙ ነው?

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። «ደም ብዛት» ስለምንለው ብዙ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ትርፍ ደም ያለ ይመስለዋል። እዚህ ጅማ ቡና ተፈልቶ ወሬው በሽታ ላይ ሲደርስ ይሄ ሳይነሳ አይቀርም። ነስር ሲፈሳቸው «እሰይ፣ የበዛው ወጣልኝ» የሚሉ አሉ። ዋገምት የሚታገሙም አሉ።

የሚለካው ግን የደሙ ብዛት አይደለም፤ ደሙ የደም ቅዳዎችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ «የደም ግፊት» የሚባለው እሱ ነው። ደም ቅዳ የሚባሉት ከልብ ደም ይዘው የሚወጡት ቧንቧዎች ናቸው። እጃችን ላይ አረንጓዴ መስለው የሚታዩት ደም መልሶች ስለሆኑ፣ «ደም ስሬ ተገታትሯል» ብሎ ግፊትን መገመት አይቻልም። ጤነኛ ደም ቅዳ ልብ ስትመታ ይለጠጣል፤ ወዲያው ይሰበሰባል። ሲደነድን ወይም ሲጠብ ግን ልብ ያንኑ ደም ለማሳለፍ አብዝታ መግፋት አለባት። የጨመረው ግፊት ደግሞ መልሶ ግድግዳውን ይጎዳዋል፤ የተጎዳው ይብስ ይደነድናል። ሳይታወቅ የሚከፋው እንዲህ እየተመላለሰ ነው።

«ሲያመኝ እውጠዋለሁ»

አጎቴ የግፊት ኪኒናቸውን የሚያስቀምጡት ሬዲዮው ላይ ነው። አንድ ቀን አንስቼ አየሁት። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ከ30ው ፍሬ 19ኙ አልተነካም።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ራሴን ሲያመኝ ነዋ የምውጠው! ደህና ሆኜ ምን ያደርግልኛል?»

ለካናቸው፤ 170 በ100። የመጀመሪያው «የላይኛው» የሚባለው ነው፣ ልብ ስትመታ ያለው ግፊት፤ ሁለተኛው «የታችኛው» ነው፣ በምት መካከል ልብ ስታርፍ ያለው። ራሳቸውን ግን ጭራሽ አላመማቸውም። የግፊት ክፋቱ ይሄ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ዝም ብሎ የአንጎልን፣ የኩላሊትንና የዓይንን ጥቃቅን ደም ስሮች ይጎዳል።

የታዘዘላቸው አምሎዲፒን ነው። ይህ መድኃኒት ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ያለው ጡንቻ እንዲላላ ያደርጋል፤ ቧንቧው ሰፋ ይላል፤ ግፊቱ ይወርዳል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ጡንቻው ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ስለዚህ «ተለክቼ ተስተካከለልኝ» ብሎ ማቆምም ያው ነው። ቁጥሩን ይዞት የነበረው ኪኒናው ነዋ።

ትንሽ ቆይተው እውነተኛውን ምክንያት ነገሩኝ። «እግሬን ያሳብጠኛል።» ይሄ የታወቀ የአምሎዲፒን ጠባይ ነው። ለሐኪም ቢነግሩት ኖሮ መጠኑ ይቀነስ ወይም በሌላ ይቀየር ነበር። እሳቸው ግን ለሐኪም ሳይናገሩ ኪኒናውን ይዘሉ ነበር።

«የታችኛው ጥሩ ከሆነ፣ የላይኛው የእድሜ ነው»

ልክ የሆነው የላይኛው ቁጥር «መቶ ሲደመር እድሜህ» ነው የሚባል ስሌት አለ። እርሱት። ከእድሜ ጋር ትልልቆቹ ደም ቅዳዎች ስለሚደነድኑ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፤ የታችኛው ባለበት ይቆማል ወይም ይወርዳል። 165 በ75 ያለው ሰው በታችኛው መጽናናት የለበትም። የቁጥሮቹ መራራቅ ራሱ የመደንደኑ ምልክት ነው። በተለያየ ቀን ሲለካ የላይኛው 140ና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው፤ ለሽማግሌም ቢሆን።

«ደም ስር ውስጥ ያለውን ስብ ነጭ ሽንኩርት ጠርጎ ያወጣዋል»

ነጭ ሽንኩርት ብሉ፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ስቡ የሚጠራቀመው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ነው። እንደ ምጣድ የሚታጠብ ነገር የለም።

«ቡና ክልክል ነው፤ ጫት ግን ያረጋጋል»

ጅማ ላይ ይሄ ሲባል ስሰማ ይገርመኛል፤ የተገላቢጦሽ ነው። ቡና ለሁለትና ሦስት ሰዓት ያህል ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በየቀኑ ለሚጠጣው ግን ጭማሪው አነስተኛ ነው። ልክ ብቻ ይኑረው፤ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሰው ግን ከቡናው ይልቅ ጨውየው ያስጨንቀው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሽሮና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ጨው ውሃ ስለሚይዝ በቧንቧው ውስጥ የሚዞረውን ፈሳሽ በእርግጥ ያበዛዋል። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ትንሽ እውነት ካለው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ታዲያ ጨው መቀነስና ሐኪም ካዘዘ የሚያሸና ኪኒን ነው፤ ዋገምት አይደለም።

ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ስሮችን ያጠብባል፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ግፊትን ይጨምራል። ምርቃናው ለአእምሮ እረፍት ሊመስል ይችላል፤ ለደም ቅዳ ግን ሥራ ነው። ሲጋራ ከታከለበት ግድግዳውን በቀጥታ ይጎዳዋል። ለመለካት ስትሄዱ ከቡናም ከሲጋራም በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ፣ ክንዳችሁን በልብ ትይዩ አስደግፋችሁ ተለኩ። ምርቃና ላይ ሆኖ መለካትማ የለም።

«ግፊት ያለበት ሰው መንቀሳቀስ የለበትም»

ሰውነት ሲንቀሳቀስ የደም ቅዳ የውስጥ ሽፋን ቧንቧውን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ጥሩ ነው፤ ግፊቱ ገና ያልተረጋጋ ሰው ሐኪሙን ጠይቆ ቀስ ብሎ ይጀምር። አጎቴ በሌላ ኪኒን ከተቀየረላቸው ወዲህ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት ጀምረዋል። እስከ ግማሹ ነው የሚሄዱት። ኪኒናው አሁን ከረከቦቱ አጠገብ ነው፤ አቦሉ ሲቀዳ አክስቴ ሲኒውንና ፍሬዋን አንድ ላይ ያቀብሏቸዋል።