የልጅ እጅ ሊጥ አያበላሽም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የምግብ ዝግጅት ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ሳልሰማ ያለፈ ክረምት የለም። «ሊጡን ልጅ ነክቶት ነው እንቢ ያለው።» ልጁ ከማጀት ይባረራል። ሊጡ ግን በማግስቱም አይቦካም።

ሊጥ የሚያቦኩት እርሾው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ናቸው። ሲሞቃቸው ይሠራሉ፣ ሲበርዳቸው ያንቀላፋሉ። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ በ2 ቀን የምታደርሰው ሊጥ እኔ ቤት ሐምሌ ላይ 4 ቀን ይፈጅብኛል። ዱቄቱም እርሾውም አንድ ነው። ልዩነቱ ብርዱ ነው።

አምና ክረምት አማቴ ከደጀን መጥተው ነበር። የ7 ዓመት ልጄ እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ሲያሽ አዩትና «ተው አንተ ልጅ፣ ይበላሻል!» አሉት። ልጁ አኮረፈ። እኔ አልተከራከርኩም። ያንኑ ዱቄት፣ ያንኑ እርሾ ለሁለት ባልዲ አካፈልኩ። አንዱን ልጄ አቦካው፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥነው። ሌላውን አማቴ አቦኩት፣ እንደ ልማዳቸው በሩ ሥር አኖሩት።

በ3ኛው ቀን የልጁ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ልጄ ጆሮውን ባልዲው ላይ ለጠፈና «እማ፣ ቹፍ ቹፍ ይላል!» አለ። የአማቴ ሊጥ ግን ጸጥ ብሏል። ወስጄ ምድጃው ጋ አስጠጋሁት። በማግስቱ እሱም ተነሣ። «ለካ ብርዱ ኖሯል» አሉ አማቴ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ልጁ ሊጥ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችሁን አስገቧቸው። ጥፍራቸው ይቆረጥ፣ እጃቸው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ ለዛሬ ዱቄት ይንፋ። ማሸትና እርሾ መጨመር የነሱ ሥራ ይሁን። አብሲት መጣልና ምጣድ ግን የአዋቂ ነው። የፈላ አብሲት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ተጣብቆ ያቃጥላል።

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የምትሉኝም አላችሁ። እንጀራ ይበላ የለ? ይግባ።

ሌላም የሚባል አለ። «ሊጡ ላይ ያቀረረው ቢጫ ውሃ ሊጡ ስለተበላሸ ነው።» አይደለም። እርሾ ነው፣ ለሚቀጥለው አስቀሩት።

«ሻጋታውን ገፍፎ መጋገር ይቻላል።» አይቻልም። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያወጣ ሊጥ ይደፋል፣ ባልዲው በፈላ ውሃ ይታጠባል።

«ማቡካት ለኮምጣጣ ጣዕሙ ብቻ ነው።» ይህንን ደጋግሜ አስረዳለሁ። ጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት አንቆ የሚይዝ ነገር አለ። ሊጡ ሲቦካ እሱ ይቀንሳል፣ ሰውነታችንም ብረቱን በተሻለ ያገኘዋል። ለሚያድግ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ወተቱ እርጎ ከሆነ ጥሬ ቢሆንም አይጎዳም።» ይጎዳል። መርጋቱ ብሩሴሎሲስን የመሰለ የከብት በሽታ አምጪ ተህዋስን ሙሉ በሙሉ አይገድልም። ወተቱን አፍሉት። ለብ ሲል በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ገልብጡና የትናንቱን እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት። ማንኪያዋን ልጁ ይጨምር፣ ጠዋት ተሽቀዳድሞ ነው ክዳኑን የሚከፍተው።

የሚያናድደኝ ግን ቅራሪ ነው። «ቅራሪ እኮ ውሃ ነው፣ ልጅ ቢጠጣው ምን አለበት?» ይባላል። የጠላው ድፍድፍ ላይ ውሃ ጨምሮ ማጥለል አልኮሉን አያጠፋውም፣ ያቀጥነዋል እንጂ። የልጅ ሰውነት ትንሽ ነው፣ ጥቂቱም ይበዛበታል። አንድ ሠርግ ላይ የ5 ዓመት ልጅ እየተንገዳገደ ሲሄድ ሰው ሁሉ ሲስቅ አይቻለሁ። እኔ አልሳቅኩም፣ አንሥቼ ለእናቱ ወሰድኩላት። ልጆቹ ጌሾ ይውቀጡ፣ ጋኑን ያጥኑ። ሲጠጣ ግን የነሱ ኩባያ ሌላ ይሁን።

ብርዝ ይሻላል፣ ማሩ የጎጃም ከሆነ ደግሞ ምን ይጠየቃል! ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ሕፃኑን የሚመርዝ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ብርዝም ከሰነበተ መፍላት ይጀምራል። ለጥምቀት ለልጆቼ የምሰጣቸው ያን ዕለት ጠዋት የበረዝኩትን ነው። የተረፈውን ማታ እኛ እንጨርሰዋለን።