ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ይህን አባባል እስከ መጨረሻው የሚለው ሰው ጥቂት ነው። አለቃው የበደለው ሠራተኛ ወይም ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ የዋለ ባለጉዳይ «እንግዲህ ሰማይ አይታረስ…» ይልና ትከሻውን ሰብቆ ዝም ይላል። የቀረውን ግማሽ ሰሚው በልቡ ይሞላዋል። ዘውድ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ባለፈበት አገር ይህ ምሳሌ ሥራ አለመፍታቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ላይ ላዩን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሰማይ በሞፈርና በቀንበር እንደማይደረስበት ሁሉ ንጉሥም በክስ አይደረስበትም። ፊደሉን ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በዕለት ንግግር ቢሆን «አይታረስም»፣ «አይከሰስም» እንል ነበር። ምሳሌ ግን ቤት ለመምታት ሲል «ም»ን ይጥላል፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ማለት ነው። «ም» ከወደቀች በኋላ ቃሉ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። በ«አይከሰስ» መካከል ያለችው «ሰ» ጠብቃ ስትነበብ «ሊከሰስ አይችልም» ማለት ነው፤ ላልታ ስትነበብ ደግሞ «እንዳይከሰስ!» የሚል ትእዛዝ ትሆናለች። በ«አይታረስ» ውስጥ ያለችው «ረ»ም እንዲሁ ናት። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ጽሑፉን ብቻ ያየ ሰው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

የአባባሉ ተንኮል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰማይን ማረስ የማይቻል ነገር ነው፤ ንጉሥን መክሰስ ግን የተከለከለ ነገር ነው። ምሳሌው ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምዶ፣ በአንድ ዜማ አስተካክሎ፣ የተከለከለውን የማይቻል አስመሰለው። ይህ መደባለቅ ዛሬም አልለቀቀንም። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰላማዊ ሰልፍ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ የሚለው «ያሳውቅ» ነው። ጋዜጣውም ሰልፈኛውም ባለሥልጣኑም ግን «ሰልፉ ተፈቀደ»፣ «ሰልፉ አልተፈቀደም» ነው የሚሉት። ማሳወቅና ማስፈቀድ መቼ አንድ እንደሆኑ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

አባባሉ ከማን አፍ እንደወጣ ግሦቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ማረስና መክሰስ የገበሬ ሥራዎች ናቸው። የቀድሞው አራሽ ክረምት በእርሻ፣ በጋ በሙግት የሚውል ሰው ነበር፤ ለርስቱ ድንበር ሲል ዓመታት ይሟገታል፣ በ«በልሃ ልበልሃ» ይረታል ወይም ይረታበታል። «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ከፍርድ ሸሽቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ የሞፈሩና የክሱ ዳርቻ የት ላይ እንደሚያበቃ በአራት ቃል የነገረን።

ክሱ ለምን እዚያ ላይ ያበቃል ቢሉ፣ ንጉሡ የመጨረሻው ዳኛ ስለሆነ ነው። ይግባኝ ሁሉ ተንከባሎ የሚያርፈው በዙፋን ችሎት ነው፤ ዳኛውን ወደ የትኛው ዳኛ ይከሱታል? በዚያ ላይ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ነው፤ ሿሚው ያለው በዚያው በማይታረሰው ሰማይ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ44ኛው አንቀጹ ስለ ነገሥታት ይደነግጋል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማያከራክር መሆኑን በሕግ ቋንቋ ደነገጉ። ገበሬው ግን ቀድሞ ጨርሶት ነበር።

ይህ ማለት ሕዝቡ በንጉሡ ፊት አፉ ተዘግቶ ኖረ ማለት አይደለም። «አቤት!» የሚል ጩኸት የቤተ መንግሥት ደጅ የዘወትር ድምፅ ነበር። ሰው ደጅ ይጠናል፣ ራፖር ጸሐፊ ያጽፋል፣ ጃንሆይ ሲያልፉ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ከመንገድ ዳር ይሰግዳል። ልዩነቱ በአንዲት ፊደል ላይ ነው፤ ለንጉሡ መክሰስ ይቻላል፣ ንጉሡን መክሰስ አይቻልም። ስለዚህ በደሉ ከየትም ይምጣ፣ ክሱ የሚወርደው በጭቃ ሹሙ፣ በአገረ ገዢው ወይም በሚኒስትሩ ላይ ነው፤ «ጃንሆይ ይህን ቢያውቁ ኖሮ» እየተባለ። ለዙፋኑ ከዚህ የተሻለ ዘብ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ ነገሩ የበረደው እንዲሁ ነው፤ ጦር ተላከ፣ ሰው አለቀ፣ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ከቦታቸው ተነሡ። ዙፋኑን የነካው አልነበረም።

የ1966 ዓ.ም. ታሪክ በዚህ ዓይን ሲነበብ ደስ ይለኛል፤ ክሱ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያልና። በጥር ወር ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግባቸውና በውኃቸው ተማርረው አመፁ፤ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። አቤቱታቸው ግን የሄደው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ የከሰሱት አለቆቻቸውን ነው። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን ደግሞ በደመወዛቸውና በትምህርት ፖሊሲው ምክንያት ሥራ አቆሙ። ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች እኩልነታቸው እንዲታወቅ ጠይቀው በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጣት ይቀሰር የነበረው በሚኒስትሮች ላይ ነው። በሰኔ የተቋቋመው ደርግ ራሱ መጀመሪያ ላይ ለዘውዱ ታማኝ ነኝ ይል ነበር። አባባሉ ገና ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሰልፍ ቀድመው የሄዱት ተማሪዎቹ ናቸው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ ያነሡት መፈክር «መሬት ላራሹ» ነበር፤ ይኸው «አረሰ» የሚለው ግሥ ነው። ምሳሌው ሰማይ አይታረስ ሲል እነሱ የሚታረሰው መሬት የማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ከላይ ሰውን ዝም ያሰኘ ግሥ ከታች ጥያቄ ሆነ። መሬቱን ተከትሎ የወጣ ሰው ደግሞ የግድ ዙፋኑ ላይ ይደርሳል። ዋጋው ከባድ ነበር፤ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የወሎን ረኃብ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃውን ጽሑፍ አነበቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸ። «ሰ» ላልታ ኖሯል፤ ክልከላ ብቻ ነበር።

ጩኸት ግን ክስ አይደለም። ቃሉን በቃሉ ለያዘው ሰው ንጉሡ አልተከሰሱም፤ ፋይል አልተከፈተባቸውም፣ ጠበቃ አልቆመላቸውም፣ ችሎት አላያቸውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳዎቹ ሹማምንትና የጦር ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ አክሊሉም ከነሱ አንዱ ነበሩ። ጃንሆይም በነሐሴ ወር መጨረሻ በታሰሩበት ሞቱ፤ በሕመም ነው ተባለ። ከሳሾቹ አባባሉን የሰበሩ መስሏቸው አዲስ ንጉሥ ሆኑበት። በቀጣዮቹ ዓመታት ደርግን ልክሰስ ያለ የደረሰበትን የቀይ ሽብር ዘመን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

የአፄው አፅም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጣ፤ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። በዚህ መካከል፣ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም.፣ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ተጀምሮ ነበር። በክሱ ከተዘረዘሩት ግድያዎች አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ግድያ ነው፤ በአንድ መዝገብ ላይ የቀድሞው ገዢ ሟች፣ ተከታዩ ገዢ ደግሞ ተከሳሽ ሆነው ተጻፉ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሞት ተፈረደባቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት ሙግት በኋላ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ያለ አልነበረም፤ ሐራሬ ነበሩ።