ኮስት ሼሪንግ ምንድን ነው?

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቅጽ ይዛ ቤት መጣች። ጅማ ውስጥ አጥር የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። ልጅቷ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጊቢ ገብታለች። ቅጹ ላይ ፎቶ ይለጠፋል፤ ስም፣ የእናት ስም፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ዲፓርትመንት ይሞላል።

«ጋሼ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ ስላት «የምዝገባ ወረቀት ነዋ!» አለች።

የምዝገባ ወረቀት አይደለም። የዕዳ ውል ነው። እኔም በጊዜዬ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ የፊተኛው ልጅ ጀርባ ላይ አስደግፌ፣ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ኮስት ሼሪንግ በአማርኛው ወጪ መጋራት ነው። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሚያወጣው ገንዘብ ተማሪው ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ይመልሳል። አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። በደንቡ መሠረት ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ከምግብና ከመኝታ ደግሞ ሙሉው የተማሪው ድርሻ ነው። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ያስገባል።

«ሙሉው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለብዙ ዓመት 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር አደገ። በ22 ብር ሽሮ እንኳ በቅጡ አይበላም፣ ስለዚህ ጭማሪው የግድ ነበር። ግን እናስላው። ተማሪው በዓመት አሥር ወር ጊቢ ቢቆይ፣ በ22 ብር ሂሳብ የምግቡ ወጪ 6,600 ብር ነው። በ100 ብር 30,000 ብር ይሆናል። በአራት ዓመት 120,000 ብር፣ ያውም ምግብ ብቻ። ካፌ ተሰልፎ የሚበላው ልጅ ይህን ሂሳብ ማን ነግሮት ያውቃል?

ሐሳቡን አልቃወምም። ከጌራም ከሊሙም ቡና ለቅሞ የሚያድር ሰው ከሚከፍለው ግብር ላይ የተማረ ሰው፣ ሲያልፍለት ጥቂት ቢመልስ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሸክሙ ማን ላይ እንደሚከብድ ነው። አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለው። አስቀድሞ መክፈል የሚችለው ደግሞ ያለው ቤተሰብ ነው። የድሀ ልጅ ሙሉውን ይከፍላል ማለት ነው። ዕዳው ካላለቀ ደግሞ ኦሪጅናል ዲግሪው አይሰጥም። የማውቀው አንድ ልጅ የውጭ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ወረቀቱን ለማስለቀቅ ገንዘቡን ባንዴ አምጣ ተባለ። አባቱ ሁለት በሬ ሸጡ። በሬዎቹ የሚያርሱ ነበሩ።

ተማሪዎች ስለ ድሀው ልጅ ትምህርት መናገራቸው አዲስ ነገር አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ ሲመጣ፣ የድሀውን ልጅ ከታች ክፍል ሊያስቀረው ነው ብለው መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችና ወላጆችም ተቃወሙት። መንግሥት ዕቅዱን ለመተው ተገደደ። የዛሬ ተማሪ ያን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። በየጊቢው የተማሪዎች ኅብረት አለ። ፍሬሽ ተማሪ ሲገባ ቅጹ በሚገባው ቋንቋ፣ እዚህ እኛ ጋ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ እንዲብራራለት ኅብረቱ ይጠይቅ። ከፈረመው ውል ቅጂ ይሰጠው። በየዓመቱ መጨረሻ «እስካሁን ይህን ያህል አለብህ» የሚል ወረቀት ይድረሰው። ቅናሹም ከሚችለው ይልቅ ለማይችለው ይሁን። ሥራ ያላገኘ ተመራቂ ደግሞ ዲግሪው በዕዳ አይያዝበት፤ ያለ ዲግሪ በምን ሥራ ፈልጎ ይከፍላል?

ቅጹን ከልጅቷ ጋር መስመር በመስመር አነበብነው። አንድ ሰዓት ወሰደብን። እናቷ ቡና አቅርበው ሁለተኛው ላይ ስንደርስ «ስሜን ለምን ይፈልጉታል?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ዕዳውን አስረዳቻቸው። ዝም ብለው ሲኒውን አስቀመጡ። ከዚያ «በይ ፈርሚ፣ ግን ቁጥሩን ለእኔም ጻፊልኝ» አሏት። ከፈረመች በኋላ ሁሉንም ገጽ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ቁጥሩንም ከደብተሯ በቀደደችው ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው።