የአይቲ ኮንትራት ሥራ ምንድን ነው? ከከተማ ዳር ሆኖስ እንዴት ይገኛል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ቤት የተቀመጠ ልጅ የሌለበት ብሎክ ማግኘት ይከብዳል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ቤት ይቀመጥ እንጂ ሥራ አልፈታም። የአንድ ፋርማሲ ሲስተም ያስተካክላል፣ ለአንድ ሱቅ የቴሌግራም ቦት ይሠራል፣ ማታ ማታ ለውጭ ደንበኛ ኮድ ይጽፋል። ጎረቤት ግን «ልጁ እስካሁን ሥራ አልያዘም» ማለቱን አይተውም። የኮንትራት ሥራ ምንነት ያልገባው ጎረቤቱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱም አልገባውም። ያልገባው መሆኑ የሚታወቀው ዋጋ ሲጠራ ነው።

ነገሩን ከሕጉ እንጀምር፤ ሕጉ ከምንገምተው በላይ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 ላይ እንዲህ ያለውን ውል ይገልጸዋል። አንደኛው ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ የታወቀ ውጤት ሊያስገኝ፣ ሌላኛው ደግሞ ለዚያ ዋጋ ሊከፍል ይስማማሉ። ኮምፒውተር በአገራችን ብርቅ በነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው። ሆኖም ዛሬ ዌብሳይት የሚሠራውን ልጅ ሁኔታ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዋናው ቁም ነገር «በራሱ ኃላፊነት» የሚለው ላይ ነው። ኮንትራት ታክሲ እንደመያዝ ነው፦ ዋጋው ሳይነሱ በፊት ይቆረጣል፣ መንገዱ ቢዘጋም ጣጣው የሾፌሩ ነው። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ላፕቶፑ ተበላሸ፤ ደንበኛው ይህን ሰምቶ ሊያዝን ይችላል፣ የሚከፍለው ግን ለውጤቱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በዚሁ ይስማማል። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው አዋጁ አይመለከተውም። ስለዚህ ለተቀጣሪ በዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የሚሰጠው ፈቃድ ለኮንትራት ሠራተኛ የለም። የሕመም ፈቃድ የለም። የስንብት ክፍያ የለም። አሠሪ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶም የለም። ይህ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ካልገባ ከራስ ኪስ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ በቁጥር እንየው። በወር 30,000 ብር ደመወዝ የሚገባው ሰው ነው እንበል። ኮንትራት ሲመጣለት 30,000ን ለ22 የሥራ ቀን ያካፍልና «በቀን 1,400 ብር ይበቃኛል» ይላል። አይበቃውም። የኮንትራት ሠራተኛ በወር 22 ቀን የሚከፈለው ሥራ አያገኝም። ደንበኛ መፈለግ፣ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ቢሮ ድረስ ሄዶ ማስረዳት፣ ያልተከፈለ ብር ለመጠየቅ መመላለስ፤ ይህ ሁሉ ቀን ይበላል፣ ማንም ግን አይከፍልበትም። ግማሹ ቀን ብቻ የሚሸጥ ቢሆን 30,000 ለ11 ተካፍሎ ወደ 2,700 ይጠጋል። 11 በመቶዋን የጡረታ መዋጮ ሲጨምሩባት 3,000 ትደርሳለች። ኢንተርኔቱ፣ የላፕቶፑ ማርጀት፣ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ የሚያመላልሰው ታክሲ ገና አልተቆጠረም። ይህን ዋጋ ሲሰማ የሚደነግጥ ደንበኛ አለ። ይደንግጥ። ሥራውን በግማሽ ዋጋ ይዞ መሐል ላይ ትቶት የሚጠፋ ልጅ ያጋጠመው ደንበኛ ሁለተኛ ጊዜ ላይ አይደነግጥም።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ሥራ ጠፍቷል ስንል ብዙውን ጊዜ ክፍት የሥራ ቦታ ጠፍቷል ማለታችን ነው። ድርጅቶች ቅጥር ሲያቆሙ የማስታወቂያ ሰሌዳው ባዶ ይሆናል። ሥራው ግን አብሮ አይጠፋም፤ ይንጠለጠላል። እንዲያውም ሰው ባለመቀጠሩ ይከማቻል። የኮንትራት ሠራተኛ የሚያስፈልገው ይህን የተንጠለጠለ ሥራ ማየት ነው። እሱ ደግሞ በማስታወቂያ አይወጣም። ባለቤቱ ራሱ «የአይቲ ሥራ ነው» ብሎ አያስበውማ።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ፤ በየሰፈሩ ያለ ነው። የግል ትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያ ይሰበስባል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ የባንኮቹም መተግበሪያ ከተለመደ በኋላ፣ ወላጅ ከቤቱ ሆኖ ይከፍላል። ከዚያ የከፈለበትን ስክሪንሹት በቴሌግራም ይልካል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ስክሪንሹት ከባንክ ስቴትመንት ጋር ታመሳክራለች። አባት በራሱ ስም ልኮ የልጁን ስም አልጻፈም። አንዷ እናት የሦስት ልጅ ክፍያ በአንድ ላይ አስገብታለች። ሌላው ያንኑ ስክሪንሹት ሁለት ወር ልኮታል። ወር በገባ ቁጥር ሳምንቱ በዚህ ያልቃል። ርዕሰ መምህሩ ግን «የሶፍትዌር ችግር አለብን» አይሉም። «ፋይናንስ ተጨናንቋል» ነው የሚሉት።

ይህን የሚያይ ልጅ ትልቅ የትምህርት ቤት ሲስተም ይዞ መሄድ የለበትም። የባንኩን ስቴትመንት በኤክሴል ተቀብሎ ከተማሪዎች ዝርዝር ጋር የሚያገጣጥም፣ ያልተገጣጠሙትን ለይቶ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ይበቃል። ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፣ ማለቁም ይታያል። ለመጀመሪያ ኮንትራት ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም ባይ ነኝ።

የከተማ ዳር ጥቅም ይህ ነው። ሰው ሜክሲኮና ቦሌ ያሉ ትልልቅ ቢሮዎችን ያስባል። እዚያ ግን ሥራው በጨረታ ነው፣ ፕሮፎርማ ከሚያስገቡ ኩባንያዎች ጋር ነው፣ ለአንድ ልጅ ክፍተቱ ጠባብ ነው። ዳር ላይ ደግሞ ሰፈሩ አዲስ ነው፣ ንግዱም አዲስ ነው። ክሊኒክ ይከፈታል፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይከፈታል፣ የቁጠባ ማኅበር ይቋቋማል። ዕቃውን በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር መመዝገብ ጀምሮ መሐል ላይ የተወ ነጋዴ አለ። ሙሉ የመድኃኒት ዝርዝሩ ባክአፕ በሌለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋርማሲ አለ። ካሜራ አስገጥሞ በስልኩ ማየት ያቃተው አለ። ኪሊንጦ አካባቢ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስላለ ጎበዝ ተማሪም ሞልቷል፤ ውድድር የለም አልልም። ግን አብዛኛው ልጅ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ለውጭ ሥራ ቢድ ሲያደርግ፣ ማለትም በኢንተርኔት ሲወዳደር፣ ከብሎኩ ሥር ያለውን ሱቅ አያየውም።

ቢድ ካልን፣ የውጭውን ገበያም እንንካው። ደንበኛና ሠሪ በሚገናኙበት አፕወርክ በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለመወዳደር ኮኔክት የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ያስፈልጋል። ኮኔክት በነጻ የሚገኘው ጥቂቱ ነው፣ ሌላው በዶላር ይገዛል። ሌላው መድረክ ፋይቨር ከሠሪው ገቢ ላይ 20 በመቶ ይቆርጣል። በኢትዮጵያ የተከፈተ የፔይፓል አካውንት ገንዘብ ቢልክም አይቀበልም፤ ሌላው የክፍያ አገልግሎት ስትራይፕም እዚህ አገር አይሠራም። ስለዚህ ብዙ ሰው ፔይኦኒር በሚባል የክፍያ አገልግሎት ወይም በቀጥታ የባንክ ዝውውር ይቀበላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር የሚሰጠው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ የውጭ ደንበኛ የነበረው ልጅ እጁ ላይ የሚደርሰው ብር ሳያስበው አድጎለታል። ሁሉም ወደዚያ መሮጡ አያስገርምም።

ችግሩ ሩጫው የዓለም ሩጫ መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሠራተኛ በብዛት ቀንሰዋል። ከተቀነሱት ከፊሉ ወደዚሁ ገበያ ገብቷል። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ደግሞ ለጀማሪ መግቢያ የነበሩትን ትንንሽ ሥራዎች፣ ማለትም ጽሑፍ ማስገባትን፣ ቀላል ዌብሳይትን፣ አጫጭር ስክሪፕትን አርክሰዋቸዋል። እኛም ጋ ሐምሌ 2016 በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፊኬት የያዘው ሰው በዝቷል። ይህ ጥሩ ነው፤ ሰርተፊኬት ብቻውን ግን ከእንግዲህ ሰው አይለይም። የሚለየው የተሠራና የሚሠራ ነገር ነው። ለዚህ ነው የሰፈሩን ትምህርት ቤት ያስቀደምኩት። ለውጭ ደንበኛ የሚታይ እውነተኛ ሥራ ከዚያ ይወለዳል።

በነገራችን ላይ የሌላ ሰው አካውንት ተከራይተው ውጭ አገር ያለ ሰው መስለው የሚሠሩ አሉ። የመድረኮቹ ደንብ ይከለክለዋል። ከደንቡም በላይ ግን አንድ ቀን አካውንቱ ሲዘጋ ያጠራቀሙት ግምገማ፣ ያልወጣው ብር፣ ደንበኛውም አብረው ይሄዳሉ። ስሙም ገንዘቡም የአከራዩ ነው። እኔ አልመክርም።

ሥራው ተገኘ እንበል። አሁን ኮንትራቱን የሚያፈርሰው ነገር ይመጣል። ስሙ «ይቺን ብቻ» ነው። «ወንድሜ፣ ይቺን ብቻ ጨምርልኝ።» «ለወላጆች ኤስኤምኤስ ቢልክልን ደግሞ? ቀላል አይደል?» «የሠራተኞቹን ደመወዝ እዚያው ላይ ብናደርገውስ?» ደንበኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱ የገዛው ልጁን ይመስለዋል፤ የተስማማው ግን በአንድ ውጤት ላይ ነው። መፍትሔው ሳይጀመር በፊት ያለ ነው፦ የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ የማይሠራውም ምን እንደሆነ በግማሽ ገጽ መጻፍ። የማይሠራውን መጻፍ ብዙዎች ያፍሩበታል። «ይህ ሥራ የኤስኤምኤስ አገልግሎትን አይጨምርም» የምትል አንዲት መስመር ግን በኋላ ብዙ ጭቅጭቅ ታድናለች። ጥያቄው ሲመጣ ደግሞ «አይሆንም» ከማለት «ይሆናል፣ ዋጋውን ነገ እልክልዎታለሁ» ማለት ይሻላል። ሰው ዋጋ ሲሰማ የምሩን ይፈልገው እንደሆነ ያኔ ያውቃል።

በአገራችን ሕግ ብዙው ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይባልም። ቃልም ውል ነው። ጭንቁ ማስረዳቱ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ጋሼ በቃል «ይሁን» ካሉ በኋላ ያንኑ ስምምነት ጽፎ በቴሌግራም መላክና «እሺ» የሚል መልስ መቀበል ንቀት አይደለም። ማኅተም ያለው ወረቀት ቢሆን እሰየው። ለትንሽ ሥራ ግን ይህችም ትበቃለች።

የወረቀት ነገር ሲነሳ ብዙ ልጅ የሚወድቀው በደረሰኝ ነው። ሱቅ በእጅ ይከፍላል። ድርጅት ግን ወጪውን ማወራረድ ስላለበት ደረሰኝ ይጠይቃል። ለዚያ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይፈለጋል። ድርጅቱ ከክፍያው ላይ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ቅድሚያ የሚያዝ ግብር፣ ቀንሶ ማስቀረቱም ያለ ነው። ያ ብር አልጠፋም፤ ማረጋገጫውን ከያዙ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይታሰባል። ማረጋገጫውን ሳይቀበሉ መሄድ ግን ብሩን ጥሎ እንደመሄድ ነው። ፈቃድ ገና ያላወጣ ሰው ፈቃድ ባለው ጓደኛው ድርጅት ሥር ንዑስ ኮንትራት ይዞ ቢጀምር ይሻለዋል። ይህም ስምምነት ይጻፍ፤ ጓደኝነት ደረሰኝ አይቆርጥም።

ክፍያውን በተመለከተ ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መቀበል የተለመደ ነው። ሲጀመር፣ ሥራው ሲታይና ሲረከቡ። ቅድሚያ ክፍያ ፈጽሞ አልሰጥም የሚል ደንበኛ በኋላም ለመክፈል ይከብደዋል፤ ከዚህ ውጭ የሆነ ያየሁት ጥቂት ነው። የመጨረሻዋ ክፍያ ግን ሁልጊዜ ታስቸግራለች። ፕሮግራሙ መሥራት ሲጀምር ጭንቀቱ ስለሚያልፍ ደንበኛው ይዘገያል። ስለዚህ ርክክቡን ከውሉ ጋር አብሮ መወሰን ነው። ለምሳሌ «የአንድ ወር ክፍያ ሙሉ በሙሉ ሲገጣጠም ሥራው አልቋል ይባላል፤ በአምስት ቀን ውስጥ አስተያየት ካልመጣ እንደተቀበሉት ይቆጠራል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ) እና የሰርቨሩ የይለፍ ቃል የሚሰጡት የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ መሆኑም እዚያው ይጠቀስ። ሳይነግሩ ሲስተም መቆለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የተማሪ ክፍያ ያቆማል፣ ጠብ ይወልዳል፣ በዚያ ሰፈርም ሌላ ሥራ አያሰጥም።

ከርክክቡ በኋላ የወር ጥገና ውል ማቅረብ ይቻላል። ባክአፕ ማየት፣ አዲስ ተማሪዎችን ማስገባት፣ ባንኩ የስቴትመንቱን ቅርጽ ሲቀይር ማስተካከል። ብሩ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን በየወሩ ይመጣል። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ደንበኞች ያሉት ሰው ለአዲስ ሥራ ዋጋ ሲጠራ አይቸኩልም። ጊዜው ደግሞ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በወር ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቀን። ያለበለዚያ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ እያሉ ስልክ ይደወላል፣ ፕሪንተሩ አልሠራም ተብሎ።