«ኧርዙን ቁረጠውና ይጠፋል» እና ሌሎች የተሳሳቱ ምክሮች

ደሴ ላይ አምፕሊፋየርና ሪሲቨር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የዲሹን ድምፅ ከአምፕሊ ጋር ሲያያይዙት «እምምም» እያለ የሚያስቸግራቸው ደንበኞች ሱቄ የሚደርሱት ጎረቤት የመከራቸውን ሁሉ ሞክረው ነው።

«ስፒከሩ ተቃጥሏል» ይላሉ። የተቃጠለ ስፒከር ወይ ዝም ይላል ወይ ይሻክራል፤ አንድ ወጥ ድምፅ ይዞ አያድርም።

«ስታቢላይዘር ይግዙ» ይባላሉ። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልት ነው የሚያስተካክለው። ይሄ ድምፅ ግን የመብራቱ የራሱ የ50 ኸርዝ ምት ስለሆነ መብራቱ ቢስተካከልም አይጠፋም።

«ውድ ጃክ ይፈታዋል»። የድሮው ካልላላ ወይም ሽቦው ካልተበጠሰ ብሩን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

የሚያንገበግበኝ ግን ስለ ኧርዝ፣ የብረት ሳጥኑን ከመሬት ስለሚያገናኘው ሽቦ፣ የሚባለው ነው፦ «የአምፕሊውን ኧርዝ ቁረጠው፣ ይጠፋል»። እውነት ነው፣ ድምፁ ይጠፋል። ምክሩ ከሰው አፍ የማይጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አምፕሊው በሶኬቱ ኧርዝ በኩል መሬት ይነካል። የዲሹ ገመድ ደግሞ ከፕላስቲኩ ሥር እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ አለው፤ እሱም በኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ሲግናል የምትቀበለው ዕቃ) እና በብረት ምሰሶው አድርጎ በሌላ ቦታ መሬት ይነካል። በሁለቱ መካከል ትንሽ የቮልት ልዩነት አይጠፋም። ሪሲቨሩን ከአምፕሊው በቀይና ነጩ ጃክ ስናገናኝ ቀለበቱ ይዘጋል፣ በጃኩ ውጪኛ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈሳል፣ አምፕሊውም እንደ ዘፈን ቆጥሮ ያጎላዋል። በአንድ ግቢ ሦስት አራት ተከራይ አንድ ዲሽ ሲጋራ የሁሉም ሹሩባ ኤልኤንቢው ላይ ስለሚገናኝ የጎረቤቱም ጣጣ ይጨመራል።

ኧርዙ ሲቆረጥ ቀለበቱ ተከፈተ፤ ሰውን የሚጠብቀውም አብሮ ሄደ። ደሴ አጠገብ ጢጣ ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ቴፕ ነዘረኝ» ብለው አስጠሩኝ። ለቡና ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ወለሉ እንደረጠበ፣ በባዶ እግራቸው መንዙማውን ቀነስ ሊያደርጉ እጃቸውን ሲዘረጉ ነው የመታቸው። የአምፕሊውን ሶኪት (ግድግዳው ላይ የሚሰካውን ራስ) ነቅዬ ሳየው የጎንና ጎኑ የኧርዝ ብረቶች በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ትራንስፎርመሩ ውስጡ ተልጦ ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዘው ሽቦ፣ የብረት ሳጥኑን ነክቷል፤ ሳልነቅለው በፊት ቴስተሬ ሳጥኑ ላይ ከ200 ቮልት በላይ አሳይቶኝ ነበር። ኧርዙ ቢኖር ብሬከሩ ዘሎ ነበር። «አብሽሩ እናቴ፣ አላህ አትርፎዎታል» አልኳቸው፤ እጄ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር የፈታሁት።

ቀለበቱ የሚቆረጠው በድምፁ ገመድ በኩል ነው። መጀመሪያ ጃኩን ከአምፕሊው ንቀሉ፤ እምምታው ከቀጠለ ችግሩ የአምፕሊው የራሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያረጀ የፊልተር ካፓሲተር። ጠፍቶ ጃኩ ሲመለስ ከመጣ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ፍቱ፤ ያኔ ዝም ካለ ቀለበቱ በዲሹ በኩል ነው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩት፤ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ በቀይና ነጩ መስመር ላይ ትንሿን የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገቡ፤ ድምፁን አሳልፋ የሁለቱን ዕቃ ሽቦ ታለያያለች። ሪሲቨሩም አምፕሊውም ኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀዳዳ) ካላቸው እሱ ይሻላል፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በዲሹ ገመድ ላይ ግን ለተራ አንቴና የተሠራ ማግለያ አትግጠሙ፤ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው የሚልከውን 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚዘጋ ምስሉ ይጠፋል።

«ለዲሹ ለብቻው የኧርዝ ብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቅበሩለት» የሚሉም አሉ። ያልተገናኙ ሁለት ዘንጎች ራሳቸው ቀለበት ይፈጥራሉ፤ ከጦሳ ተራራ በኩል የክረምት መብረቅ ሲመጣ ደግሞ በመካከላቸው የሚነሳው ቮልት መንገዱን በሪሲቨሩ ውስጥ ያደርጋል። ዘንጉ ከቤቱ ኧርዝ ጋር በወፍራም መዳብ ይታሰር።

የግድግዳው ሶኬት የኧርዝ ብረት ስላለው ብቻም ኧርዝ አለ አትበሉ፤ ከኋላው ሽቦ የሌለው ስንቱን ከፍቻለሁ።

የጢጣዋን እናት አምፕሊ ትራንስፎርመሩን ቀይሬ፣ ናስትሮውን ልጬ፣ ማግለያውን ጃኩ ላይ አስገብቼ መለስኩላቸው። ያገለገለ አምፕሊ የምትገዙ ሰዎች ድምፁን ከመስማታችሁ በፊት ሶኪቱን ገልብጣችሁ እዩ፤ ናስትሮ የተጠቀለለበት ወይም በፒንሳ የተቆረጠ ከሆነ ሳይከፈትና ሳይፈተሽ ቤት አታስገቡት።