«ገና በነሐሴ»፦ ስለ አንድ ዝምተኛ የፍቅር ፊልም በስህተት የሚወራው

«ገና በነሐሴ» የኮሪያዊው ዳይሬክተር ሀር ጂን-ሆ የመጀመሪያ ፊልም ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ላይ ነው። ጁንግ-ዎን ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። ብዙ ዕድሜ እንደማይቀረው ያውቃል። ዳ-ሪም ያለቦታቸው የቆሙ መኪኖችን ፎቶ እያነሳች የምትቀጣ ወጣት ናት፣ ፊልም ልታሳጥብ ትመጣለች። ታሪኩ ይኸው ነው። በጣም የምወደው ፊልም ስለሆነ አለስሙ ስም ሲሰጡት ዝም ማለት ይከብደኛል።

«የገና ፊልም ነው።» አይደለም። ርዕሱ እኛን ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ለእኛ ነሐሴ ዝናብና ጭቃ ነው፣ ገና ግን ፀሐይ ነው። ኮሪያ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ነሐሴ ሰው በላብ የሚጠመቅበት ወር ነው፤ በገና ሰሞን ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሁለቱ የሚተዋወቁት በዚያ ሙቀት ነው። ፊልሙ የሚያልቀው በረዶ ላይ ነው።

«የበሽታ ፊልም ነው፣ ሲያስለቅስ ይውላል።» የበሽታው ስም እንኳ አይነገርም። ሆዴን የሚያባባኝ ሌላ ቦታ ነው። ጁንግ-ዎን የቪዲዮ ዴኩን አሠራር ለአባቱ ያሳያል። አባትየው አይገባቸውም። ደግሞ ያሳያቸዋል። አሁንም አይገባቸውም። ልጁ ተናዶ ተነስቶ ይሄዳል። ለእኔ ንዴቱ በአባቱ አይደለም። እሱ ሲሄድ ያንን ቁልፍ ማን ይጫንላቸዋል? በኋላ ቁጭ ብሎ አሠራሩን ተራ በተራ በወረቀት ይጽፍላቸዋል። ስለ ሞት አንድ ቃል አልተነገረም። እኔ ግን እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል።

«የራሱን የቀብር ፎቶ ማንሳቱ ሟርት ነው።» በኮሪያ ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፊት ይቀመጣል። ብዙ አረጋውያን ይህን ፎቶ በጤናቸው ተነስተው ያስቀምጡታል። በፊልሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከቤተሰባቸው ጋር መጥተው ይነሳሉ። በኋላ አምረው ለብሰው ብቻቸውን ይመለሳሉ፣ እንደገና እንዲያነሳቸው። ለምን እንደሆነ ጁንግ-ዎንም እኛም እናውቃለን። እኛም አገር ለቅሶ ላይ ፎቶ ይያዛል፤ አስቀድሞ አስቦበት መነሳት ግን ብዙም አልለመድንም። ስለዚህ ጁንግ-ዎን ራሱ ካሜራው ፊት ሲቀመጥ አንዳንዱ ተመልካች ይሰቀጥጠዋል። እሱ ግን ፈገግ ይላል። የፊልሙ መነሻም ያ ፈገግታ ነው። ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ያገኘው በ1996 ከሞተው ድምፃዊ ኪም ክዋንግ-ሶክ የለቅሶ ፎቶ ነው፤ ድምፃዊው ፎቶው ላይ እየሳቀ ነበር።

«አይሳሳሙም፣ ይህ ምን ፍቅር ነው?» ማታ አብረው ሲሄዱ ወሬ ያወራላታል፣ እሷ ቀስ ብላ ክንዷን በክንዱ ታስገባለች። ይበቃል። በኋላ እሱ ሆስፒታል ሲገባ ፎቶ ቤቱ ይዘጋል። ምንም የነገራት የለም። ትመላለሳለች፣ ደብዳቤ ትተዋለች፣ በመጨረሻ በንዴት መስታወቱን በድንጋይ ትሰብረዋለች። አልፈርድባትም። እሱ ከሆስፒታል ሲወጣ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ከመስታወቱ ማዶ ያያታል። አይጠራትም። በጣቱ መስታወቱ ላይ እየተከተለ ምስሏን ይዳብሳል። አንዳንዶች «ዋሽቷታል» ይላሉ። እኔ ግን የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ያችን ጣት አይቶ እንዲህ ይላል ብዬ አላምንም።

«ቀርፋፋ ስለሆነ ያደነቀው የለም።» በ1998 በኮሪያው የብሉ ድራገን ሽልማት ምርጥ ፊልም ተብሏል። ዳ-ሪምን የተጫወተችው ሺም ኡን-ሃም ምርጥ ተዋናይት ሆናለች። በዚያው ዓመት በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል፣ የተቺዎች ሳምንት በሚባለው ክፍል ታይቷል። ጃፓኖች ደግሞ በ2005 የራሳቸውን አድርገው ሠርተውታል።

«ፎቶ ቤቱ የድሮ እውነተኛ ፎቶ ቤት ነው።» ጉንሳን ከተማ ውስጥ የነበረ ጋራዥ ነው፤ ለቀረጻው ተቀየረ፣ ከዚያ ፈረሰ። አሁን ጎብኚ የሚያየው በኋላ እንደገና የተሠራውን ነው።

«መጨረሻው ተስፋ ያስቆርጣል።» ካሜራውን የያዘው አንጋፋው ዩ ዮንግ-ጊል ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አርፏል። ያንን እያሰብኩ የመጨረሻውን ትዕይንት ሳየው ዝም እላለሁ። በረዶ ጥሏል። ዳ-ሪም ወደ ፎቶ ቤቱ ትመጣለች። መሞቱን ትወቅ አትወቅ ፊልሙ አይነግረንም። መስታወቱ ውስጥ የራሷ ፎቶ ተሰቅሏል። ቆማ ታየዋለች። ፈገግ ብላ ትሄዳለች። ፎቶውን ያነሳላት እሱ ነው።