ኦም ምንድን ነው? የመጀመሪያውን ጥሩ ሄድፎን ከመግዛታችሁ በፊት

የመጀመሪያ ጥሩ ሄድፎኑን ለመግዛት ብር ማጠራቀም ለጀመረ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ነገር አለ። ከብራንዱ ስም በፊት፣ ከቀለሙም ከዋጋውም በፊት፣ ካርቶኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ የተጻፈውን የኦም ቁጥር ፈልጉ። 32 ሊል ይችላል፣ 80 ሊል ይችላል፣ 250 ወይም 300 ሊልም ይችላል። ይህ ቁጥር ሄድፎኑ ከስልካችሁ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለውን ከማንም ሻጭ በተሻለ ይነግራችኋል።

ስልክ ያልኩት በምክንያት ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አያት፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ የትም ብትሄዱ አብዛኛው ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በስልኩ ነው። ቤቱ አምፕሊፋየር ያለው ስንት ነው? ውጭ አገር ሰዎች የሚጽፉትን የሄድፎን ምክር ስታነቡ ግን ጠረጴዛቸው ላይ ከሄድፎኑ ጎን አንድ ሳጥን ተቀምጧል፤ ምክራቸው በሙሉ ያንን ሳጥን ታሳቢ ያደረገ ነው። እኛ ጋ ያ ሳጥን የለም። ስለዚህ እነሱ ያደነቁት ሄድፎን እዚህ መጥቶ ስልክ ላይ ሲሰካ ደካማ ድምፅ ቢያወጣ ጥፋቱ የሄድፎኑ አይደለም።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሄድፎን ውስጥ ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ላይ በጣም ቀጭን ሽቦ ተጠቅልሎ ተለጥፏል፣ አጠገቡ ደግሞ ማግኔት አለ። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ሽፋኑ ይርገበገባል፣ አየሩን ይገፋል፣ እኛ ድምፅ እንሰማለን። ሽቦው ግን ኤሌክትሪኩን ዝም ብሎ አያሳልፍም፣ ይቋቋመዋል። የዚህ መቋቋም መጠን ኢምፒዳንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። መለኪያው ስሙን ያገኘው ጆርጅ ሳይመን ኦም ከተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ በቮልቴጅ፣ በከረንትና በመቋቋም መካከል ያለውን ዝምድና በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው እሱ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው የኦም ሕግ ማለት ነው፤ ያኔ ለፈተና ያጠናነው ሕግ አሁን ለግዢ ይጠቅመናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ይሁን እንጂ መቋቋሙ ከድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ጋር ይለዋወጣል። 300 ኦም ተብሎ የሚሸጠው የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ወፍራሙ ድምፅ አካባቢ ወደ 500 ገደማ ይወጣል። ለመግዛት ግን የካርቶኑ ቁጥር ይበቃችኋል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ውኃ መጣ ሲባል ምድር ቤት ያለው ሰው ባልዲውን ይሞላል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ግን ቧንቧውን ከፍቶ ይጠብቃል። መስመሩ ውስጥ ውኃ ስለሌለ አይደለም፤ ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት ስላነሰ ነው። ኤሌክትሪክ ላይ ግፊቱ ቮልቴጅ ነው። 32 ኦም ሄድፎን ምድር ቤት ነው፣ የስልክ ግፊት ይበቃዋል። 300 ኦም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ፓምፕ ይፈልጋል። አምፕሊፋየር የሚባለው ፓምፑ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትሽሹ፣ ቀላል ነው። የስልክ ጃክ የሚያወጣው ግፊት ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቮልት እስከ አንድ ቮልት ቢሆን ነው። ግማሽ ቮልት እንበል። ኃይል ለማግኘት ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለኦሙ ታካፍላላችሁ። የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም40ኤክስ 35 ኦም ነው፤ ስናካፍል 7 ሚሊዋት ገደማ ያገኛል። የበየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ደግሞ 250 ኦም ነው፤ ከዚያው ስልክ የሚደርሰው 1 ሚሊዋት ብቻ ነው። ሰባት እጥፍ ልዩነት! ስልኩ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፣ የቮሉሙ ቦታ አንድ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ይገባል፤ ሴንሲቲቪቲ ይባላል፣ የሚለካውም በዲሲቤል ነው። ሄድፎኑ አንድ ሚሊዋት ሲሰጠው ምን ያህል ይጮሃል የሚለውን የሚናገር ቁጥር ነው። ኤም40ኤክስ 98 ነው፣ ዲቲ 990 ፕሮ 96። ሲታዩ ሁለት ዲሲቤል ብቻ ይለያያሉ። ኃይሉ ሲታሰብበት ግን የመጀመሪያው ከዚያ ስልክ ወደ 106 ዲሲቤል ይደርሳል፣ ሁለተኛው 96 ላይ ይቆማል። አሥር ዲሲቤል ሲቀንስ ጆሯችን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ ይሰማዋል። 96 ራሱ እኮ ብዙ ነው ትሉ ይሆናል። ነው፤ ግን ያ ቮሉሙ ጥግ ደርሶ፣ ዘፈኑም በጣም በሚጮኽበት ቅጽበት ነው። ዘፈን ሁሌ ጥግ ድረስ አይጮኽም። በተለይ የድሮ ቅጂዎችና እንደ በገና ያሉ ዝግ ያሉ ድምፆች ከዚያ በታች ይቀመጣሉ። በገናን ከወደዳችሁ፣ እንዝራው (ጅማቱ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ጅማቱን ሲነካው የሚፈጠረውን ያንን ሻካራ ንዝረት በደንብ መስማት ትፈልጋላችሁ፤ ለጥሩ ሄድፎን ብር የምናወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፣ እና ስልኩ አቅም ሲያንሰው መጀመሪያ የምታጡት እሱን ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ እዩ። ኦሙ ዝቅ ብሎ ሴንሲቲቪቲውም ዝቅ ካለ አሁንም ችግር አለ። የፎስቴክስ ቲ50አርፒ 50 ኦም ብቻ ነው፤ ሴንሲቲቪቲው ግን 92 አካባቢ ስለሆነ ለስልክ ከባድ ነው። ለስልክ ብቻ ለሚገዛ ሰው የእኔ መስፈርት ይህ ነው፤ ከ16 እስከ 64 ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው ከ96 ያላነሰ። 80 ኦም ጠርዝ ላይ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለውን አምፕሊፋየር እስክታገኙ ተዉት።

ኦሙ ከፍ ያለ ሄድፎን ጥራቱም ከፍ ያለ ነው የሚል ወሬ በብዛት ይናፈሳል። ትክክል አይደለም። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን መገመት ይቻላል። ስቱዲዮ ውስጥ ከአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሄድፎን ጎን ለጎን ይሰካል። ሄድፎኖች እንዲያ ሲሰኩ መቋቋማቸው እየወረደ ይሄዳል፤ አሥር 32 ኦም ሄድፎን አንድ ላይ 3 ኦም ገደማ ይሆንና ማሽኑን ያስጨንቃል፣ አሥር 250 ኦም ግን 25 ኦም ስለሚሆን ይችለዋል። በዚህ ምክንያት ለስቱዲዮ የተሠሩ የታወቁ ሄድፎኖች ኦማቸው ከፍ ያለ ሆነ፣ እስከ 600 የሚደርሱም ነበሩ፤ ሰውም ቁጥሩን የጥራት ምልክት አድርጎ ወሰደው። ጥሩ ሄድፎን በ32 ኦምም ይሠራል፣ መጥፎም በ300 ይሠራል።

አንዳንዱ "ታዲያ አምፕሊፋየሩንም አብሬ ልግዛ" ይላል። አትቸኩሉ። በጀታችሁ ውስን ከሆነ ለሁለት መክፈል ማለት ሁለቱንም መካከለኛ ማድረግ ነው፤ ብሩን በሙሉ ሄድፎኑ ላይ አውሉት። ደግሞ ከሶኬት የሚሠራ አምፕሊፋየር ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ዝም ይላል፣ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው ሄድፎን በጣም የሚያስፈልገው። ኦሙ ዝቅ ያለ ባለ ሽቦ ሄድፎን ስልኩ ቻርጅ እስካለው ድረስ ይሠራል፣ የራሱ ባትሪም አይፈልግም። ብሉቱዝ የሆኑት አምፕሊፋየራቸው እዚያው ውስጣቸው ስላለ የኦም ነገር አያስጨንቃችሁም። ግን ባትሪያቸው ያረጃል፣ ዋጋቸውም የባትሪውንና የቺፑን ወጪ ይሸከማል፤ ስለዚህ በእኩል ዋጋ ባለ ሽቦው ብዙ ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛን ሰው ያለማመንታት ወደ ባለ ሽቦው እመራለሁ።

በስም ልጥራ። ኮስ ፖርታ ፕሮ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ያለ ትንሽ ሄድፎን ነው፣ 60 ኦም፣ ስልክ በደንብ ያንቀሳቅሰዋል፣ ለዋጋውም ድምፁ ያስደንቃል። ችግሩ ክፍት መሆኑ ነው። የእናንተ ዘፈን ወደ ውጭ ይወጣል፣ የታክሲው ሞተርና የረዳቱ ጩኸት ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በየቀኑ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ለሚመላለስ ሰው ዝግ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ከላይ የጠቀስኩት ኤም40ኤክስ ዝግ ነው፣ ታናሹ ኤም20ኤክስም ዝግ ነው፣ 47 ኦም፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ። የሶኒ ኤምዲአር 7506 63 ኦም ነው፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቱዲዮ የማይለየው፣ ሴንሲቲቪቲውም 106 ስለሆነ ከስልክ በቀላሉ ይጮሃል። ቤት ውስጥ ማታ ብቻ ለሚሰማ ሰው ክፍቱ ይሻላል፣ ድምፁ ሰፋ ይላልና። ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ አይሠራም።

ዝግ ሄድፎን ስል ለጆሮም ብዬ ነው። ክፍት ሄድፎን አድርጎ ታክሲ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ጩኸቱን ለማሸነፍ ቮሉሙን ይጨምራል፣ ሳያውቀው ጥግ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 80 ዲሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 አካባቢ ሲደርስ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ይቀራችኋል። እባካችሁ ይህን በቁም ነገር ያዙት። የተጎዳ ጆሮ ተመልሶ አይድንም።

ስልካችሁ ጃክ ከሌለው አዳፕተር ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ሁሉም የዩኤስቢ ሲ አዳፕተር አንድ አይደለም። አንዳንዱ ውስጡ ድምፅ የሚያወጣ ቺፕ አለው፣ አንዳንዱ ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦ ብቻ የሆነው ብዙ ስልኮች ላይ ጭራሽ አይሠራም። ቺፕ ያለውን ጠይቁ፣ ሱቁ ውስጥ ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ክፈሉ።

መርካቶም ሆነ ቦሌ ኦሪጅናል የሚመስል ኮፒ ሞልቷል፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም አብሮ ይኮረጃል። ኦምን ማወቅ እዚህም ይጠቅማችኋል። ሞባይል ጠጋኝ ሁሉ ቴስተር አለው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን እግር የጃኩ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ሥር ላይ አስነኩ፤ ይህ የግራው ጆሮ ነው። ከጫፉ ቀጥሎ ያለው ቀለበትና ሥሩ ደግሞ የቀኙ ነው። የምታነቡት ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መቀራረብ አለበት፣ ትንሽ ቢለያይ ችግር የለውም። 63 የተባለው ሄድፎን 30 ካሳያችሁ ግን አስቀምጡትና ውጡ። ግራና ቀኙም በጣም ከተለያየ አንደኛው ጎን ተበላሽቷል ማለት ነው። ያገለገለ ሄድፎን በቴሌግራም የምትገዙ ሰዎች በተለይ ይህን ሳታደርጉ ብር አታስተላልፉ። ቴስተሩ ኮፒውን ሁሉ አይዝም፣ ኦሙን አስተካክሎ የሚኮርጅም ይኖራል፤ ቢሆንም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ውጭ ካለ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ስሙን ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። የበየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በአንድ ስም፣ በተቀራራቢ መልክ፣ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል። ዘመዳችሁ ቅናሽ ያገኘበትን ይዞ ይመጣል፣ ቅናሹም 250ው ላይ ሊሆን ይችላል፣ አንዴ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከመጣ ደግሞ መመለሻ የለውም። "ዲቲ 770 ፕሮ፣ 32 ኦም" ብላችሁ ጻፉ፣ ከመክፈሉ በፊትም የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።